ከነሐሴ እስከ ነሐሴ፦ የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶቻችን የ2017 ዓ.ም. የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ነሐሴ 2016

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለማኅበራችን አባላት፣ ለመምህራኑና ልጆቻቸውን ለእኛ አደራ ለሰጡ ወላጆች ነው። ማኅበራችን በካቶሊካውያን ምእመናን ተነሣሽነት የተቋቋመ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ከተማ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት፣ በገጠር ቀበሌ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት፣ ሐረር ውስጥ ከጁገል ግንብ ውጭ ደግሞ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ያስተዳድራል። እኔ የቦርዱ ጸሐፊ ነኝ፤ ዘንድሮ የክፍሎቹን ጥገናና የንባብ ፕሮግራሙን አንድ ላይ እንድከታተል ተመድቤአለሁ።

በዕቅድ ስብሰባችን ላይ የቀረቡት ሐሳቦች ብዙ ነበሩ። የኮምፒውተር ክፍል ይከፈት ያሉ ነበሩ፤ ግቢው ኮብልስቶን ይነጠፍ ያሉም ነበሩ። ረዘም ካለ ውይይት በኋላ በሁለት ሥራዎች ላይ ተስማማን። የመጀመሪያው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በራሱ ዐይን አንብቦ የሚረዳ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ የማያስቀምጣቸውን የታችኛውን ግቢ ክፍሎች ለትምህርት የሚመቹ ማድረግ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም አንድ ናቸው፤ በላብ የተጠመቀ ልጅ ፊደል አይለይምና።

ማኅበሩ ከየት እንደሚነሣ ለአዲስ አባላት ማስረዳት ይገባኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከድሬዳዋ ነዋሪ 70.8 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሲሆን፣ የካቶሊካውያኑ ድርሻ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን የካቶሊክ ልጆች ትምህርት ቤቶች አይደሉም፤ ሆነውም አያውቁም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ደንግጓል፤ እኛም በክፍል ውስጥ ይህን እናከብራለን። ታዲያ የማኅበሩ መንፈስ የሚታየው የት ላይ ነው ተብዬ ስጠየቅ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚታየው ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ በምንይዝበት አያያዝ ላይ ነው። ጎበዙን ልጅ ማንም ያስተምረዋል።

ገንዘቡ ጠባብ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የቆርቆሮና የቀለም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ከነጋዴዎች የምንሰበስበው ፕሮፎርማ ቦርዱ ተሰብስቦ እስኪያጸድቀው ድረስ እንኳ አይቆይም። በዚህ ምክንያት ቦርዱ እስከ ተወሰነ መጠን ያለውን ግዥ ሦስት አባላት ተነጋግረው እንዲፈጽሙ ፈቅዷል፤ ይህ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ የጣሪያው ሥራ ዘንድሮ ባልተጀመረም ነበር።

መስከረም 2017

ዓመቱ የባተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት ነው ማለት ይቻላል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ ጉዳዩ አይመለከተንም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት ገና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተሞች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ታይቶ ነበር። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሌላ ሰው የመዘነውን ከመጥቀስ የራሳችንን ልጆች ማየት መረጥን። የታችኛ ክፍሎች አስተባባሪ የሆኑት ሲስተር ከማካሮኒ ካርቶን ላይ እጅ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው፣ መሐሉን አንድ ፊደል ብቻ እንዲያሳይ በምላጭ ከፈቱት። ከዚያ ልጁን በረንዳው ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው ካርቶኑን በፊደል ገበታው ላይ እያንቀሳቀሱ በቀዳዳው የሚታየውን ፊደል ይጠይቃሉ። ክፍል ውስጥ ሀ፣ ሁ፣ ሂን ከዳር እስከ ዳር ያለ አንዳች ስሕተት የሚያወርዱ ልጆች በዚህ ቀዳዳ ፊት ቆሙ።

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያደረገችውን በቅርብ ተቀምጬ አይቻለሁ። በቀዳዳው «ሾ» ሲታይ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ፣ ሼ፣ ሽ ብላ በሹክሹክታ ወርዳ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሾ!» አለች። መልሷ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ «ጎረቤት» የሚለውን ቃል ለማንበብ አራት ጊዜ አራት የተለያዩ ረድፎችን መውረድ አለባት፤ መጨረሻው ፊደል ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ከአእምሮዋ ጠፍቷል። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ እንዲያውም የሠራችው ሥራ ከሚያነብ ልጅ ሥራ እጥፍ ነው። የጎደላት ፊደሉን ከረድፉ ነጥሎ ማወቅ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማራትም።

ውጤቱን በመምህራን ስብሰባ ላይ ስናቀርብ ክርክሩ ጠንከር ያለ ነበር። የአንዳንዶቹ ስጋት ዜማውን ማስቀረት ልጆቹን ግራ ያጋባል የሚል ነበር። መፍትሔው ከመካከላችን ከሁሉም በዕድሜ ከሚበልጡት መምህር መጣ። «ልጆቼ፣ እኛ የቄስ ትምህርት ቤት ስንማር የኔታ ይህን ያውቁ ነበር» አሉ። «ሀሁን ከጨረስን በኋላ ፊደሉን አዘበራርቀው አቡጊዳን ያስቆጥሩናል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ስትል በልብህ ይዘኸው አታመልጥም፤ ፊደሉን በዐይንህ ማየት አለብህ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ወሰደና አቡጊዳን ተወው።» ስብሰባው ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በአቡጊዳ ፊደሉም አናባቢውም በየእርምጃው ስለሚለወጥ ልጁ በዜማ ተደግፎ መሄድ አይችልም። ከዚያ በኋላም የቆሎ ተማሪው ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ እያለ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር ይሸጋገራል። ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው።

የወላጆች ኮሚቴ አባል የሆኑ አንድ አባትም ቀጠል አድርገው፣ በልጅነታቸው ቁርአን ሲቀሩ ሼኹ በሉሑ (በመጻፊያው ሰሌዳ) ላይ አንዱን ሐርፍ (ፊደል) በጣታቸው ሸፍነው ይጠይቋቸው እንደነበር ነገሩን። ስብሰባው የተጀመረው ዘመናዊ ዘዴ ፍለጋ ነበር፤ የተጠናቀቀው ከሁለት ወገን ከአያቶቻችን በተገኘ ዘዴ ነው።

የወሰንነው እንደሚከተለው ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ብቻ ይሰጣል፤ ፊደላት በጥቂት በጥቂቱ፣ ልጁ ወዲያው ቃል ሊሠራባቸው በሚችል ቅንብር ይቀርባሉ፤ ሀሁ በዜማ መባሉ ይቀጥላል፣ ከጎኑ ግን የአቡጊዳ ገበታ ይሰቀላል፤ በየክፍሉም አንድ የማካሮኒ ካርቶን ይኖራል።

ጥቅምትና ኅዳር

የጣሪያው ሥራ ተጀመረ። የታችኛው ግቢ ክፍሎች በብሎኬት የተገነቡና ያለ ኮርኒስ በቆርቆሮ የተሸፈኑ ናቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ በቆርቆሮው ሥር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ የጋለው ብረት ሙቀቱን ቁልቁል በልጆቹ ጭንቅላት ላይ ይለቀዋል፤ ወደ ላይ የወጣው የሞቀ አየርም መውጫ ስለሌለው እዚያው ይታፈናል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ከግንበኛውና ከአናጺው ጋር ከዚራ የተባለውን የከተማዋን የድሮ ሰፈር ዞር ዞር ብለን አየን። ከተማዋ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር የተሠሩት ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው አየር በሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ የተሠራ ነው። የሠሯቸው ሰዎች ኤሌክትሪክ ማራገቢያን አላሰቡም፤ ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ግን አጥብቀው አስበዋል። ከእነዚያ ቤቶች አንድ ነገር ወሰድን፤ አየር ከታች በጥላው በኩል ይግባ፣ ከላይ በጣሪያው ሥር ይውጣ።

በዚህ መሠረት ከጣሪያው ሥር ባለው የግንቡ አናት ላይ በሁለቱም በኩል ተከታታይ ክፍተት ተከፍቶ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ተመታበት። በደጅ በኩል ደግሞ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ዐይን ያላቸው ብሎኬቶች ገቡ። ውስጡ ኮርኒስ ሲለብስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር በክፍተቱ እንዲወጣ ተደረገ። በመጨረሻም ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ነጭ ነገር የፀሐይን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚልክ ብረቱ ቀድሞውኑ እንዳይግል ያደርጋል።

ስለ ቀለሙ የተነሣውን ውይይት መመዝገብ ይጠቅማል፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይጠይቁናልና። ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ አገር ናት፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ታሪክዋም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የሚጀምር ነው። ኖራ በቅርብና በርካሽ ስለሚገኝ ቆርቆሮውን ኖራ እንቀባው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግንበኛችን ግን አልተቀበለውም። ኖራ በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ ላይ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ዚንኩን ይበላዋል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል፤ በዚያ ላይ ኖራው በዝናብ ታጥቦ በየዓመቱ እንደገና መቀባት አለበት። ለግንብ መልካም ነው፣ ለቆርቆሮ አይሆንም አለ። የሰማነው ሁሉ ትክክል ሆኖ ስላገኘነው ዋጋው ቢበዛም የቆርቆሮ ቀለም ገዛን፤ ግድግዳውን ግን ኖራ ቀባነው።

አንድ ችግር ገጠመን። ያረጁትን ቆርቆሮዎች ለመተካት 28 ጌጅ አዝዘን ከፍለን ሳለ የመጣልን ከዚያ የሳሳ ነበር። የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ብዙ ሰው አያውቅም፤ በዐይን ሲታይም ሁሉም ያብለጨልጫል። አናጺው አንዱን ቆርቆሮ ጫፉን ይዞ ሲያነሣው በመታጠፉ ጠረጠረ፤ ሚዛን ላይ ብናወጣው ከሚገባው በጣም ቀለለ። ሻጩ ከብዙ ክርክር በኋላ ለወጠልን፤ በመካከሉ ግን ሥራው ቆሞ ልጆቹ በፈረቃ ለመማር ተገደዱ። ከእንግዲህ ማንኛውም ቆርቆሮ ሳይመዘን ግቢ እንዳይገባ በግዥ መመሪያችን ውስጥ አስገብተናል።

ታኅሣሥ

የኢንስፔክሽን ቡድን መጥቶ ጎበኘን። በአገሪቱ የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ፤ ሕንፃ ያሳመረ ትምህርት ቤት በሕንፃው ብቻ ደረጃ ሦስት ሊደርስ እንደማይችል በግልጽ ያሳያልና። ቡድኑ የአቡጊዳ ገበታውን ሲያይ ጠይቆ ተረዳ፤ ስለ ውኃ አቅርቦታችን ግን አስተያየት ሰጠን።

አስተያየቱ ተገቢ ነበር። የድሬዳዋ ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ የቧንቧዎቻችን ውስጥ በነጭ ጠጠር እየተደፈነ የልጆቹ መታጠቢያ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። የተደፈኑትን መገጣጠሚያዎች በኮምጣጤ ዘፍዝፈን አጸዳን፤ ያልዳኑትን ቀየርን። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶና በርሜል ማስቀመጥ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከጽዳት የበለጠ ጉዳይ አለ። ከተማችን ዴንጊን ታውቃለች፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በቺኩንጉንያ ስንቱ ቤት ተኝቶ እንደነበር አንረሳውም። እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስና ንጹሕ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የምትራባ ናት፤ ቀን ደግሞ ልጆቹ ያሉት እኛ ዘንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ስቴፈንሳይ ከምትባለው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው አዲስ የወባ ትንኝ ጋር መያያዙ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ ሮቶዎቹ ሁሉ የሚገጥም ክዳንና ወንፊት ተደረገላቸው፤ በርሜሎቹ በየሳምንቱ ዐርብ ተደፍተው በብሩሽ እንዲታሹ የ7ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ ኃላፊነቱን ወሰደ። ልጆቹ እጮቹን በብርጭቆ ይዘው ለወላጆቻቸው ማሳየታቸው ከእኛ ማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ሠርቷል።

ጥር

የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ ወደ ሐረር ወጣሁ። በደንገጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፉ የማኅበራችን ሰዎች ሁልጊዜ አንድ መምህር ያነሣሉ። ፈረንሳዊው ካፑቺን ጳጳስ ሞንሰኞር እንድርያስ ያሮሶ ካሳደጓቸው ካህናት አንዱ የሆኑት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የልጅነት ዘመኑን በሐረር ላሳለፈው ተፈሪ መኰንን አስተማሪው ነበሩ፤ በ1907 ዓ.ም. በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከሞቱት መካከል እርሳቸውም ይገኙበታል። ተማሪያቸው ተርፎ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። የካቶሊክ ትምህርት በሐረርጌ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በሐውልት ሳይሆን በመምህራን የሚታወስ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ጉዳይ ብዙ የሚያቆይ አልነበረም። ወላጆች የአምስት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ፊደል በደብተር ሞልቶ እንዲመጣ ይፈልጋሉ፤ መምህራኑ ደግሞ ልጆቹ በሚሰሙት ተረትና በአሸዋ ላይ በጣት በሚጽፉት ይጀምሩ ይላሉ። ቦርዱ ከመምህራኑ ጋር ቆሟል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች ስላሉ፣ ተረቱ በሁሉም ቋንቋ በተራ እንዲነገር አያቶች በየሳምንቱ ይጋበዛሉ። የመጡት አያቶች ቁጥር ከጠበቅነው በላይ ነው።

የካቲትና መጋቢት

ዘንድሮ ጾሞቹ ተከታትለው ገቡ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ተጀመሩ። የካቶሊካውያኑም ጾም በዚሁ ሰሞን ነበር። ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጾመ ማለት ነው፤ ግማሹ መምህራችንና ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ አቅም እንደሚያንሳቸው ከልምድ እናውቃለን። የንባቡን ግማሽ ሰዓት ለዚህ ወቅት ወደ ጠዋት 2 ሰዓት አመጣነው፤ ስፖርቱን ወደ ማለዳ አዛወርን፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ መምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነብበትና ልጆቹ የሚያዳምጡበት ሆነ። ለጊዜው ብለን ያደረግነውን የጠዋት ንባብ በቋሚነት ለማስቀጠል ወስነናል፤ ልጁ ጠዋት ላይ ንቁ መሆኑን ለማወቅ ጾም መጠበቅ አያስፈልግም ነበር ብለው ሲስተር ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል።

በገጠሩ ትምህርት ቤት ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ፈተናው ሌላ ነው። ቁቤ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል ጥቂት በመሆኑ ልጆቹ ድምፆቹን ቶሎ ይይዛሉ፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር አለማግኘታቸው ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ቤት ውስጥ የታተመ ወረቀት የማያይ ልጅ ብዙ ነው። ይህን በሚከተለው መንገድ ለማቃለል ሞከርን። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ተረት ሰምተው ይጽፋሉ፤ መምህሩ ያርማል፤ ጥሩ ሥዕል የሚሥለው ልጅ ይሥላል፤ ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ በስቴፕለር ይያዛል፤ የፊት ገጹ ላይ የተራኪዋ አያት መንደርና የጸሐፊው ክፍል ይሰፍራል። ጅብና ቀበሮ የሌሉበት ተረት የለም ማለት ይቻላል። እነዚህ ቀጫጭን መጻሕፍት በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ልጁ እንደፈለገ እያወረደ ያነባቸዋል። ታናሽ እኅት ታላቅ ወንድሟ የጻፈውን ስታነብ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ደስታ ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ፊደል እንዳይሳሳቱ የሚጠነቀቁት ለፈተና ከሚጠነቀቁት በላይ ነው።

ሚያዝያ

ፋሲካ በሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ሚያዝያ 12 ቀን አንድ ላይ ተከበረ። በማግስቱ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዕረፍት ተሰማ። ትምህርት እንደተጀመረ በሰልፍ ሰዓት የኅሊና ጸሎት ተደረገ፤ የሙስሊም ወላጆች ተወካዮች ራሳቸው መጥተው ማኅበሩን አጽናንተዋል። ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. ባቀረቡትና በ2020 እ.ኤ.አ. ባብራሩት የዓለም አቀፍ የትምህርት ቃል ኪዳን ጥሪ ሰውን ማዕከል ማድረግን፣ የልጆችን ድምፅ መስማትንና ቤተሰብን የመጀመሪያው አስተማሪ አድርጎ መቀበልን አጥብቀው አሳስበው ነበር። የመምህራን ውይይታችንን በዚህ ላይ አደረግን፤ የልጆችን ድምፅ መስማት የሚለውን በቁም ነገር ወስደን የተማሪ ተወካዮች በቦርዱ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ጉዳያቸውን እንዲያቀርቡ ፈቀድን። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የሴቶች መጸዳጃ በር ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን የሚል ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ተሠራ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለዓመታት በሪፖርቶቻችን ውስጥ አልነበረም።

ሚያዝያ 30 ቀን ሊዮን 14ኛ አዲሱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ።

ግንቦት

ሙቀቱ ገባ፤ የጣሪያው ሥራ የሚፈተንበት ጊዜ ደረሰ። በገንዘብ እጥረት ሳይሠሩ የቀሩ ክፍሎች ስላሉን ለማነጻጸር ተመቸን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቴርሞሜትር ጥቂት ዲግሪ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ከዚያ የሰፋ ሆኖ ይታያል። ባልታደሰው ክፍል ከ6 ሰዓት በፊት ልጆቹ ዴስክ ላይ ይደፋሉ፣ ደብተራቸውን እንደ ማራገቢያ ይጠቀማሉ፣ መምህሩም ድምፁን ይቀንሳል። በታደሰው ክፍል ትምህርቱ እስከ መውጫ ሰዓት ይዘልቃል። ኮርኒሱ በሚያዝያ ዝናብ የቆርቆሮውን ጩኸት በመቀነሱ ያገኘነው ጥቅም ያልታሰበ ነበር፤ ቀድሞ ዝናብ ሲጥል ትምህርት ይቆም ነበር። ያልታደሱት ክፍሎች መምህራን ሲጠይቁን በየሳምንቱ ክፍል እንዲለዋወጡ አደረግን። ከበረንዳው ፊት የተተከሉት የኒም ችግኞች ገና ጉልበት አልደረሱም፤ ጥላቸውን የሚያገኙት የሚቀጥሉት ልጆች ናቸው።

ሰኔ

በመስከረም የተጠየቁት ልጆች ሁሉ እንደገና በካርቶኑ ፊት ተቀመጡ። አሁን ከነጠላ ፊደል አልፈን ሰምተውት የማያውቁትን አጭር ታሪክ ሰጠናቸውና ስለ ይዘቱ ጠየቅናቸው። የሦስተኛ ክፍል ልጆች አብዛኞቹ አንብበው መለሱ። ያቺ ሸ፣ ሹን የምትወርደው ልጅ ታሪኩን ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣ ፍየሏ ለምን እንደጠፋች ስትጠየቅ «ልጁ ገመዱን ስላላጠበቀው» ብላ በራሷ አነጋገር መለሰች።

ያልደረሱም አሉ። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ነጠላ ፊደል እንጂ ቃል ማንበብ ያልቻሉ በቁጥር ቀላል አይደሉም። የመቅረት መዝገባቸውን ስናይ ከእነዚህ ብዙዎቹ በገበያ ቀን ከእናታቸው ጋር የሚውሉ ወይም በገጠሩ ትምህርት ቤት በጫት ለቀማ ወቅት የሚቀሩ ናቸው። ይህን በቁጣ የሚፈታ ሰው አላየሁም። የቤተሰቡ ኑሮ የቆመበት ሥራ ስለሆነ የትምህርት ሰዓቱን እኛ ከእነርሱ ጋር ማስማማት አለብን፤ በሚቀጥለው ዓመት ለገበያ ቀን የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ እንዲኖር ከወላጆቹ ጋር ተነጋግረናል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የከተማ አስተዳደሩን ፈተና ወስደዋል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ሐምሌና ነሐሴ

ያልደረሱት ልጆች የክረምት ትምህርት ጠዋት ጠዋት ይካሄዳል፤ በ8ኛ ክፍል የተፈተኑት ተማሪዎች አስጠኚ ሆነው ተሰልፈዋል። በወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ የወርኃዊ ክፍያ ጭማሪ ቀርቦ ከረጅም ውይይት በኋላ በስምምነት ጸድቋል፤ መክፈል ለማይችሉት ቤተሰቦች የተያዘው ድጋፍ አብሮ እንዲያድግ ተወስኗል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ባይገባበት ኖሮ ጭማሪውን በግሌ አልደግፍም ነበር።

በኑሮ ውድነቱ ምክንያት ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ለቀዋል። የደመወዝ ማስተካከያው ሙሉ በሙሉ አይበቃም፤ ቢሆንም ቦርዱ ለየት ያለ ውሳኔ አሳልፏል። እስከ አሁን በትምህርት ቤቶች እንደተለመደው ልምድ ያለው መምህር ወደ 8ኛ ክፍል፣ አዲስ ተቀጣሪ ወደ አንደኛ ክፍል ይመደብ ነበር። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ክፍልን የሚይዙት ከሁሉ የላቁት መምህራን ይሆናሉ፤ ተጨማሪ አበልም ይከፈላቸዋል። አቡጊዳን ያስታወሱን መምህር ጡረታቸው ቢደርስም አዲሶቹን መምህራን በየሳምንቱ ሁለት ቀን እየመጡ እንዲያሠለጥኑልን ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል።

ለሁለተኛው ዙር የጣሪያ ሥራ የቀለም ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። ቆርቆሮው ሰኞ ይገባል፤ ሚዛኑን ከወፍጮ ቤቱ ተውሰን በር ላይ አስቀምጠናል።